አልጋ ሥር የከረመው ጽዋ

ዛሬ ጠዋት የቡራዩ ሰፈራችን በጢስ ታጥኖ አረፈደ። ኅዳር ሚካኤል ነውና ሰው ሁሉ የግቢውን ጥራጊ፣ የደረቀውን የበቆሎ አገዳ፣ ያረጀውን ቅርጫትና የተቀደደውን ጫማ በየደጁ ከምሮ ለኩሶታል። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለጎረቤት ልጆች ማስረዳት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ድሮ ክፉ በሽታ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ዘመን ነበር፣ ከተማይቱም ታጠነች እላቸዋለሁ። «እሺ ጋሼ» ይሉኛል። ዕድሜዬን በፋብሪካ ላቦራቶሪ የጨረስሁ ሰው ነኝና ፕላስቲክ ከእሳት መግባት እንደሌለበት፣ ጢሱ ለሳንባ መርዝ እንደሆነም እጨምርላቸዋለሁ። «እሺ ጋሼ» ብለው ፕላስቲኩን ይጨምሩበታል። እኔም መስኮቴን እዘጋለሁ፤ ነገር ግን ፈጽሜ አልዘጋውም። በጢሱ ውስጥ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ሲመጣ የምሄድበት ቦታ አለኝ።

ሽታው ገና ከመድረሱ ስልኬ ጮኸ። ሸምሱ ነው። በየዓመቱ በዚህች ቀን ይደውላል፤ ሰላምታ የሚባል ነገር አያስቀድምም።

«አንተ ሰው፣ ጽዋውን መለስከው?»

«አልመለስሁትም።»

«ዘንድሮ የት አደረ?»

«ሱሉልታ።»

«በዚህ ውርጭ! ካፖርት አልብሰኸዋል?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠበት። ሲጨርስ፣ «በል ለኔም ጸልይልኝ፤ ጉልበቴን ነው፣ ሌላው ደህና ነው» ብሎ ዘጋው።

ሸምሱ የዓለም ገና ነጋዴ ልጅ ነው፤ ዛሬ እርሱም እንደኔ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነው። በሃይማኖቱ ሙስሊም ነው። ሆኖም ተማሪ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ ያገኘልኝ እርሱ ነው፤ ይህንንም ለማንም ስናገር በቅድሚያ ይስቁብኛል፣ ቀጥለውም እንዴት ሆኖ ብለው ይጠይቁኛል።

ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት በጎጃም መንገድ ነው። ከደብረ ማርቆስ የተነሣው አውቶቡስ ዓባይን ወርዶና ወጥቶ፣ ሞተሩ እያቃሰተ ሱሉልታ ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ውሃ ሊጨምርለት ቆመ። ሱሉልታ ያን ጊዜ ሣርና ነፋስ ነበረች። ከመንገዱ ዳር ሁለት ሻይ ቤቶች፣ ከጀርባቸው እስከ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ ሜዳ፣ በሜዳውም ላይ ፈረሶች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ ከተጨመረበት በአሥራ አምስት። አባቴ ለዚህ ጉዞ ያሰፋልኝን ቡናማ ካፖርት ለብሼ ነበር፤ ወደ ፊት ታድግበታለህ ተብሎ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ ወርዷል። ሻይዋን ስትቀዳ የነበረችው ሴት እጅጌዬን አየችና፣ «ይህ ካፖርት ለሁለት ሰው ነው፤ ሌላው የት ቀረ?» አለችኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን በልቤ፣ ሌላው በእርግጥ ወደ ኋላ ቀርቷል ብዬ አሰብሁ።

በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካፖርቴ ለብቻው ሌላ መሳቂያ ሆነ። የዘመኑ ወጣት ከጉልበቱ በታች የተንዘረፈፈ ተርጋል ሱሪ ለብሶ፣ ጸጉሩን እንደ ጎፈር አቁሞ፣ ተረከዙ የተነሣ ጫማ እያንኳኳ ነበር የሚሄድ። ከግቢው በር ማዶ የነበረው የሸክላ መሸጫ ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈን ይለቅ ነበር፤ አንድ ዘፈን ከተወደደ ወር ሙሉ ያንኑ ይደጋግመዋልና የኬሚስትሪ ቀመር ሳጠና ያ ዜማ አብሮ ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በምግብ አዳራሹ ለእያንዳንዱ ተማሪ በየጠዋቱ ሁለት ክብ ዳቦ ይታደላል። ከዳቦው በላይ የሚታደለው ክርክር ነበር። ስለ መሬት፣ ስለ ገበሬ፣ ስለ ዓለም ፍጻሜ የማይከራከር አልነበረም፤ እሑድ ነጠላ ለብሶ ከግቢ የሚወጣ ተማሪ ደግሞ በክርክሩ ገና ከመግባቱ ተሸናፊ ነበር። ስለዚህም ነጠላዬን በካኪ ወረቀት ጠቅልዬ፣ እንደ ልብስ አጣቢ ደንበኛ በብብቴ ይዤ እወጣና ከአጥሩ ጀርባ እለብሰው ነበር።

በከተማይቱ ያሉትን ትልልቅ ደብሮች በየተራ ዞርኋቸው። ቅዳሴው ያማረ፣ ሕንጻው የገዘፈ፣ መዘምራኑ ድምፃቸው የሠመረ ነበር፤ በዚህ በኩል ጉድለት አላገኘሁም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የታወቀ መቆሚያ አለው፤ በዚያ የዛፍ ጥላ እነ እገሌ፣ በዚህ ደረጃ ላይ እነ እገሊት። ቅዳሴው ሲያበቃ ይሳሳማሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ እየተጠራሩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በአገሬ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው፣ ሳምንቱ ሳይጋመስ «ታምሞ ይሆን?» ተብሎ ሰው ይላክበታል። እዚህ ብቀር የሚያውቅ አልነበረም። ብሄድም የሚያውቅ አልነበረም፤ የከበደኝ ይህ ሁለተኛው ነው። በዚያ ጥቅምት፣ ነጠላውን በካኪ ወረቀት መጠቅለሉን ልተወው፣ እንደ ሌላው ልሁን የሚል አሳብ ቀስ በቀስ በውስጤ እየደረቀ ይጸና ነበር። የጎዳኝ ሰው አልነበረም። የሚፈልገኝ ሰው ስላልነበረ ብቻ ልጠፋ ነበር።

ሸምሱ የክፍሌ ልጅ ነበር፤ አልጋው ከአልጋዬ በላይ። አንድ ምሽት ከላይ ተንጠልጥሎ አየኝና፣ «እሑድ በመጣ ቁጥር ፊትህ የሚጠቁረው ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን አጣሁ።»

«በአዲስ አበባ? ታዲያ በየሌሊቱ የሚቀሰቅሰኝ የምን ደወል ነው?»

«ደወሉማ አለ። የሚያውቀኝ ነው ያጣሁት።»

ሸምሱ ሲያስብ ያፏጫል፤ አፏጨ። ቀጥሎም፣ «ከእኛ ሱቅ አለፍ ብሎ፣ ሰበታ ላይ አንዲት አለች፤ በጥድ የተከበበች። እሑድ እሑድ ሰዎቿ ሲመለሱ በሱቃችን ያልፋሉ፤ ሲጯጯሁ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲሳሳቁ መንገዱ አይበቃቸውም። እነሱ የማያውቁት ሰው ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜ አብረን እንሂድ፤ እሑድ አንተ ወደ ጥድህ፣ እኔ ወደ ሱቄ» አለኝ።

ሄድን። ሎንቺናው ከጦር ኃይሎች በአየር ጤና አድርጎ፣ በጅማ መንገድ አቧራውን እያስነሣ ዓለም ገና አደረሰን። የሸምሱ እናት ሥጋቸውን እንደማልበላ አውቀው በተለየ ድስት ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ፤ ድስቱም አዲስ መሆኑን እንዳውቅ፣ የተገዛበት ወረቀት ሳይነሣ አጠገቤ አስቀመጡት። በማግስቱ ጥቅምት ሚካኤል ነበር፤ በጋሪ ወደ ሰበታ ወረድሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ እንደ ለመድሁት ከአንድ ጥድ ሥር ቆሜ፣ ሰው እስኪያልፍ እጠብቅ ጀመር። አላለፈም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ዘንጋቸው ከቁመታቸው የበለጠ ሽማግሌ ከፊቴ መጥተው ቆሙ።

«አከም ቡልቱ?» አሉኝ። በኦሮምኛ እንዴት አደርህ ማለታቸው መሆኑን በኋላ ነው የተማርሁት፤ ቋንቋውን ስለማላውቅ እጅ ነሣሁ። ወደ አማርኛ ተሻገሩልኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሩቅ ነኝ አባቴ። ተማሪ ነኝ።»

«ሩቅ የሚባል አጥቢያ የለም። ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ምን ያቆምሃል? ኮቱ፣ ና!» ብለው በዘንጋቸው መንገዱን አሳዩኝ።

እኒህ ኦቦ ዳዲ ናቸው፤ የሚካኤል ማኅበር መሪ፣ በማኅበሩ አጠራር ሙሴ። ዛሬ ማኅበር ሲባል ዕቁብ የሚመስለው ወጣት ስላለ ነገሩን በሥርዓቱ ላስቀምጠው። ማኅበርተኞች በየወሩ በመልአኩ ዕለት በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ይባርካል፤ ከአንድ ጽዋ ሁሉም ይቀምሳል። በመጨረሻም ሙሴው ጽዋውን ይዞ ይቆማል፤ ባለ ተራው፣ እርሱ ካልቻለም የፈቀደ ሰው፣ ተነሥቶ ይቀበልና ጽዋውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ የሚመጣውንም ወር ድግስ እርሱ ይደግሳል። እኔ የማኅበር ልጅ ነኝ፤ አባቴ እስኪሞት ማኅበርተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ልጅ ወደ ማኅበር ቤት አይገባም፤ በር ላይ ቆሞ የተባረከ ዳቦ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ከዳቦ ጠባቂነት ሳልወጣ ነው ለትምህርት ከቤት የወጣሁት። ከመጋረጃው በስተ ውስጥ የሚደረገውን አላውቅም ነበር።

ያን ቀን በደጋሹ ቤት ከግድግዳው ጥግ አስቀመጡኝ። በላሁ፤ ጠጣሁ፤ «ጨምርለት፣ ተማሪ ነው፤ መጽሐፍ አይጠገብም» እየተባለ ተቀለደብኝ። ሳቅሁ፤ በዚያ ከተማ ጮክ ብዬ የሳቅሁበት የመጀመሪያው ቀን ይመስለኛል። ቀጥሎም ኦቦ ዳዲ ቀይ ከፋይ የለበሰችውን ትንሽ ማድጋ በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። ጽዋ የሚሏት እርሷን ነው።

«እህ፣ ማኅበርተኞች!» አሉ።

ዝም።

«ሽማግሌ ቆሟል እኮ።»

ዝም። አንዱ ጣሪያውን ያያል፤ አንዱ የጫማውን ክር ይፈታል፤ ከሴቶቹ በኩል ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታለች። የኦቦ ዳዲ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽማግሌ ቆሞ፣ ዕቃ ዘርግቶ፣ የሚቀበለው ሲያጣ ማየት ላደግሁበት ሥርዓት የማይታለፍ ነውር ነበር። እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው ብዬ ተነሣሁ፤ ካፖርቴን ቆለፍሁ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኋቸው።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጥቁር የለበሰችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ወንዶቹ ትከሻዬን እየመቱ፣ «ለኅዳሩ ያድርስህ! ያድርሰን!» አሉኝ። እንግዳ አክባሪዎች ናቸው ብዬ፣ «አሜን፣ አሜን» እያልሁ ዞሬ ሳምኋቸው። ልወጣ ስል ማድጋዋን እንደያዝሁ ሸኙኝ።

«ይህን የት ላስቀምጠው?» አልኋቸው ኦቦ ዳዲን።

«ቤትህ ነዋ።»

«ቤት የለኝም፤ የተማሪ ማደሪያ ነው ያለኝ።»

«ታድርበት የለም? ቤት ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

ነገሩ የተገለጠልኝ ዓለም ገና ከሸምሱ አባት ሱቅ ስደርስ ነው። ሰውዬው ሚዛናቸውን አስቀምጠው ማድጋዋንና እኔን በየተራ አዩን። «ልጄ፣ ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የኅዳር ሚካኤልን በርበሬ በየዓመቱ ከኔ ነው የሚገዙት። የዓመቱ ትልቁ ድግስ እኮ ነው፤ እህል ገና አልገባም፤ ከድግሱ በኋላ ጾም ነው፤ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ዘንድሮ ደጋሹ አንተ ነህ» አሉኝ። ሸምሱ ከጨው ጆንያ ላይ ወድቆ ሳቀ። እናቱ ወጥተው በጥፊ ሊሉት ሲሉ ራሳቸውም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ያለኝ አንድ ካፖርት፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ክብ ዳቦ ነበር።

ጽዋዋ በማደሪያው አልጋዬ ሥር ገባች። ሦስተኛው የክፍላችን ልጅ ታደለ፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪና የክርክር አውራ፣ አጎንብሶ አያትና በኮሪደሩ፣ «ጓዶች! ፊውዳሊዝም አልጋችን ሥር ገብቷል፤ ከፋይም ለብሷል!» ብሎ ጮኸ። በውስጧ የቀረው ጠላ መሽተት ሲጀምር የማደሪያው ተቆጣጣሪ መጡ። ቁጡ ሰው ነበሩ፤ በመጠጥ ተማሪ እንደሚያባርሩ የታወቀ ነው። ከአልጋው ሥር ጎትተው አወጧት። ከፋዩን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የማን ናት?»

«የሚካኤል።»

ተሳለሟት፤ በቦታዋም መልሰው፣ «መስኮቱን ክፈቱ፤ ሌላ ሰው ከጠየቃችሁ እኔ አላየሁም» አሉ። ከዚያ በኋላ በየማታው ለቁጥጥር ሲመጡ የኛ ክፍል ቁጥጥር፣ በተለይ ከአልጋዬ አጠገብ፣ ከሌላው ይረዝም ነበር።

ሆኖም ወሩ እየገፋ ነበር፤ መላ ግን አልነበረኝም። ልመልሳት ቆረጥሁ። እንግዳ ነኝ፣ አላውቅም ነበር፣ ይቅር በሉኝ እላለሁ፤ ከዚያም ወደዚያ አጥቢያ ፊቴን አላዞርም። ያ እሑድ ለኔ የቤተ ክርስቲያን ፍለጋዬ መጨረሻ መሆኑን አውቄዋለሁ። ማድጋዋን በካፖርቴ ጠቅልዬ ሰበታ ስደርስ፣ ወደ ኦቦ ዳዲ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ያቺ ጥቁር የለበሰች ሴት ከደጇ በርበሬ ታሰጣ ነበር። አዴ ጫልቱ፣ በአማርኛ ወይዘሮ ጫልቱ፣ ይባላሉ።

«ጽዋ በካፖርት!» አሉኝ ቀና ብለው። «ሚካኤልን በረደው?»

«ልመልሰው ነው የመጣሁት አዴ።»

«ለማን?»

«ለኦቦ ዳዲ።»

«እሳቸውስ ለማን ይሰጡታል?»

ማድጋዋን ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው አዛወርሁ። የበርበሬ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ «ለኔ ነው የሚሰጡት። ተራው የኔ ነበር» አሉ። «ባሌን ነሐሴ ላይ ቀበርሁ። ጽዋውን እሱ ነበር የሚቀበለው፤ እልል የምለው እኔ። ያን ቀን ልነሣ አልሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። በዚህ ቤት ያለ እሱ እንደገና እልል እላለሁ ብዬ ሳስብ አፌ ደረቀ። አንተ ስትነሣ፣ ሰው ላከልኝ አልሁ።»

ማድጋዋን እንደያዝሁ ቆምሁ። ወደ ኦቦ ዳዲ ቤት የሚወስደው መንገድ ከፊቴ ነው፤ መመለስም በጣም ቀላል ነበር።

«አዴ፣ እኔኮ ቤት የለኝም» አልሁ በመጨረሻ።

«ቤቱማ ይኸው» አሉ ከጀርባቸው ያለውን ሰፊ የሣር ክዳን ቤት በአገጫቸው እያሳዩኝ። «ሰው ነው የጠፋበት።»

«እንግዲያው እዚህ ልደግስ?»

«ልፋቱን ለኔ ተወው። ደጋሹ ግን አንተ ነህ፤ እልል የምትለውም አንተ ነህ። እኔ አልችልም፣ እወቀው።»

«ወንድ እልል ይላል እንዴ?»

«ቤት ያጣ ወንድ ይላል።»

ኅዳር ሚካኤል በሥራ ቀን ዋለ፤ የዕለቱን የላቦራቶሪ ትምህርት ተውሁት። በተማሪነት ዘመኔ ሆነ ብዬ የቀረሁበት ትምህርት እርሱ ብቻ ነው። ሎንቺናው ከከተማ ሲወጣ በየደጁ ጥራጊ ይቃጠል ነበር፤ ከኮልፌ ጀምሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጢስ በመስኮት እየገባ ዓይናችንን አስለቀሰው። በዋዜማው የሸምሱ አባት አንድ በግ በገመድ አስይዘው ልከዋል፤ «በሕይወቱ ነው የምሰጣችሁ፤ ማረዱ የናንተ ነው» ብለዋል። ሸምሱ እጅጌውን ሰብስቦ ከግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጣል። የክፍላችንና የጎረቤት ክፍሎች ልጆች የሳምንት የቁርስ ዳቧቸውን አጠራቅመው በትራስ ልብስ ሞልተው ሰጥተውኛል፤ ሃይማኖት የሌላቸው ሳይቀሩ። ትራስ ልብሱን የተሸከመው ማን ሆነ? ታደለ። «ለሰፊው ሕዝብ ስል ነው» አለ፤ በኋላም ለሰፊው ሕዝብ ሲል ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

ካህኑ የአዴ ጫልቱን ድፎ ዳቦ ሊባርኩ ሲሉ ከጎኑ የተቆለሉትን የዩኒቨርሲቲ ክብ ዳቦዎች አዩ። «እነዚህስ?» አሉ። ኦቦ ዳዲ፣ «የልጁ አጥቢያ የላከው ነው» አሉ። አብረው ተባረኩ።

ከዚያ ጸሎት መጣ። ካህኑ የማኅበርተኞቹን የክርስትና ስም እያነሡ ይጸልዩ ነበር፤ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። ድንገት ቆሙና ወደኔ ዞሩ። «የክርስትና ስምህ ማነው?» አሉኝ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ በዚያ ስም የጠራኝ አልነበረም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። በዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ላይ የለም፤ ጓደኞቼ አያውቁትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ረስቼው እንዳይሆን ፈራሁ። ተናገርሁት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ካህኑ ከሟቹ ከአዴ ጫልቱ ባል ስም ቀጥለው ጠሩት፤ ቤቱም ሁሉ «አሜን» አለ።

ጽዋው ሲቀርብ እልል የሚል ጠፋ። የሴቶቹ ዓይን ሁሉ ወደ አዴ ጫልቱ ነው፤ የአዴ ጫልቱ ዓይን ወደኔ። ቃል ገብቻለሁና አፌን ከፈትሁ። የወጣው ድምፅ ምን እንደሚመስል መግለጽ ከባድ ነው፤ ሸምሱ ከውጭ ሆኖ በጉ ዳግመኛ የታረደ እንደመሰለው እስከ ዛሬ ይናገራል። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ኦቦ ዳዲ ዘንጋቸውን ጥለው ሳቁ። አዴ ጫልቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ታዲያ ያ ሳቅ መሐል ላይ ተሰነጠቀና ከውስጡ እልልታ ወጣ፤ ረዥም፣ የጠራ፣ ከነሐሴ ጀምሮ የታፈነ። ከደጅ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ በሩ ተጠግተው አዳመጡት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በኅዳር ሚካኤል ከማኅበሬ ተለይቼ አላውቅም። ማኅበር መጠጣት በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ መጣ፤ ያን ጊዜ በሹክሹክታ ጠጣን፣ እልልታውንም በመዳፍ አፍነን ዋጥነው። ያም አለፈ። ኦቦ ዳዲ ሊሞቱ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «ያን ጊዜ ስትነሣ እንደማታውቅ አውቄ ነበር። እጄን መሰብሰብ እችል ነበር፤ አልሰበሰብሁም» አሉኝ። ለምን አልኋቸው። «ከጥዱ ሥር አቋቋምህን አይቼ ነበር» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

የአዴ ጫልቱ ቤት ዛሬ የለም። በቦታው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ ከታች ፋርማሲና የሞባይል መጠገኛ አለበት። እኛ ማኅበርተኞችም ተበተንን። የቤት ኪራይና የልጆች ጋብቻ አንዱን ገላን፣ አንዱን ሱሉልታ፣ እኔን ቡራዩ ጣለን። ስለዚህ ጽዋው ዛሬ በከተማይቱ ዙሪያ ይዞራል፤ አንድ ወር በጅማ መንገድ፣ አንድ ወር በአምቦ መንገድ፣ አንድ ወር በጎጃም መንገድ፤ በባጃጅና በሚኒባስ፣ በሰው ጭን ላይ። ማድጋዋ ሁለት ጊዜ ተሰብራ ተተክታለች። ሙሴነቱ ወደኔ ከመጣ ሰንብቷል።

ያለፈው ወር ተራው የኔ ነበር። የሱሉልታዋ ማኅበርተኛችን ወይዘሮ እታገኝ ጎረቤቷን ይዛ መጣች፤ ትርሲት የምትባል፣ ከአርባ ምንጭ የመጣች የኮሌጅ ተማሪ። የክፍል ኪራይ ሱሉልታ ስለሚረክስ እዚያ ተከራይታ ወደ ከተማ ትመላለሳለች። ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። ጽዋውን ይዤ ስቆም እንደ ሁልጊዜው የጥቅምት ዝምታ ሆነ፤ አንዱ ጣሪያውን አየ፣ አንዱ ስልኩን። ከጥጉ ልጅቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ኦቦ ዳዲ እኔ ስነሣ ያለ ቃል አሳለፉት፤ እኔ ግን ነገር ሳይጣራ የማያልፍልኝ ሰው ነኝ፣ እጄን ሰበሰብሁ።

«ልጄ፣ ይህን የተቀበለ የኅዳርን ድግስ ይደግሳል። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባባ» አለች። እጆቿን አላወረደችም። «ለዚህ እኮ ነው የተነሣሁት። ሰው ወደ ቤቴ እንዲመጣ ሌላ ምን ላድርግ?»

ሰጠኋት።

ዛሬ እንግዲህ የሸምሱን ስልክ እንደዘጋሁ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ። «ሎኬሽን ልኬልዎታለሁ» ብላኛለች፤ እኔ ግን ሎኬሽን የሚከፈትበትን ስለማላውቅ እየጠየቅሁ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ በተራራው ላይ ሱሉልታ ደረስሁ። ያ ሜዳ በቆርቆሮ ጣሪያ ተሞልቷል፤ ነፋሱ ግን ያው ነው። የትርሲት ክፍል አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ከያዘ በኋላ የሚተርፈው የበሩ መክፈቻ ብቻ ስለሆነ፣ ተከራዮቹ ሁሉ ወንበራቸውን አውጥተው በግቢው ሸራ ወጥረዋል። ጽዋዋን አየኋት፤ ከአልጋው ሥር ነበረች። የት ላስቀምጣት ብላ ማንንም አልጠየቀችም ነበር።

ካህኑ ሲጸልዩ፣ ገና ወጣት ናቸውና፣ የኛን ስም ከወረቀት ነው የሚያነቡት፤ ወረቀቱ ሲያልቅ ጸሎቱን ሊዘጉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝሁ። ወደ ልጅቱ ዞርሁ። በሁለት እጇ የዳቦ ትሪ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ በጢስ ወዝቷል።

«የክርስትና ስምሽ ማነው ልጄ?»

ትሪውን አላስቀመጠችም። ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ ቀረብ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። እዚህ አልጽፈውም፤ የሚጠራበት ቦታ ሌላ ነው። ዛሬ በሱሉልታ፣ ከኔ ስም ቀጥሎ ተጠርቷል።